የአደራ ጠላ

ዛሬም ቢሆን መንገደኛን «ጠጥተህ ሂድ እንጂ» ሲሉት ስሰማ ደሜ ይፈላል። አብረውኝ ያሉት ሰዎች ያዩኝና ምን እንደነካኝ ይጠይቃሉ። ለማስረዳት አንድ ወንዝ፣ አንድ ዋናተኛና አንድ ሙሉ ክረምት መተረክ ስላለብኝ ብዙውን ጊዜ ዝም እላለሁ። ዛሬ ግን አልተውም።

ጊዜው የደርግ ነው። በጤና ረዳትነት ተመርቄ ሲማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ርቃ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ክሊኒክ ተመደብኩ። ሐኪሟም፣ መርፌ ወጊዋም፣ ጠራጊዋም እኔው ነበርኩ። ከክሊኒኳ ቁልቁል ከጉና የሚነሳ ወንዝ ያልፋል። በበጋ ፍየል ሆዷን ሳይነካት ትሻገረዋለች። ክረምት ሲገባ ግን ጉና ላይ የወረደው በረዶ እየቀለጠ ይገባበትና እጁን የነከረ ሰው ጣቶቹ የራሱ አይመስሉትም። ገበያው ማዶ ነው። ወደ ንፋስ መውጫ የሚወስደው መንገድ ማዶ ነው። እናቴም ያለችው ማዶ፣ ጋይንት ውስጥ ነበር። ድልድይ ፍለጋ መዞር አንድ ቀን ተኩል ይፈጃል።

በክረምት የሚያሻግሩት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ እኔም የምኖረው እሳቸው ቤት ነበር። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳ ተጠግቷል። ከእሳቸው በኋላ ዋና የለመዱት ጎረምሶች ለውትድርና ስለተወሰዱ ወንዙ ለእሳቸው ቀረ። አሻጋገራቸው እንዲህ ነው፦ የፍየል ስልቻ ነፍተው አፉን ያስራሉ፤ ተሻጋሪው ስልቻውን አቅፎ ይንሳፈፋል፤ እሳቸው ከኋላ ሆነው በአንድ እጃቸው እየገፉ በሌላው ይዋኛሉ። በገበያ ቀን ከጧት እስከ ቀትር ሲመላለሱ ይውላሉ።

እስከዚህ ድረስ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከጠላው ጋር ነው።

ተሻጋሪ ሁሉ አንድ ቅል ጠላ ይዞ ይመጣል። ይህ የአደራ ጠላ ይባላል። ዋናተኛው በተሻጋሪው ፊት ቆመው ጭልጥ ካደረጉት ነፍሱን ተረከቡ ማለት ነው። ካልጠጡለት ግን ሰውየው እግሩን ውሃ አያስነካም፤ ቢመቱትም አይገባም። የአንዱን ጠጥተው የሌላውን መተው ደግሞ የማይረሳ ቂም ነው። ስለዚህ ገና አንድ ሰው ሳያሻግሩ ስድስትና ሰባት ቅል ጠላ ሆዳቸው ውስጥ ይገባል። ከዚያ ባለቤታቸው መቀነታቸውን ይፈቱና ከባላቸው ብብት ጀምረው እስከ እምብርታቸው ድረስ ሰባት ጊዜ ይጠመጥሙታል። ብርድ ደረት እንዳይገባ ነው አሉ። አህያ ሲጭኑ እንደሚደረገው አንድ እግራቸውን የባላቸው ጎን ላይ አስደግፈው ነበር የሚያጠብቁት። ሆዳቸው ተወጥሮ ደረታቸው ታስሮ፣ ዋናተኛው ከድንጋዩ ላይ ዘለው በረዶው ውሃ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ። ቀስ ብሎ መግባት የፈሪ ነዋ!

እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አላልኩም። የመጀመሪያ ክረምቴ ነበር፤ የአገሩ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ በገበያ ቀን ረፋድ፣ ዋናተኛውን በቃሬዛ ተሸክመው አመጡልኝ። ከወንዙ ሲወጡ ሳል ጀመራቸው፤ ሳሉ አልቆም ብሎ ሮዝ አረፋ ያስተፋቸው ጀመር። ዘመዶቻቸው የዋጡት ውሃ ይውጣ ብለው በአፍጢማቸው ደፍተው ጀርባቸውን ሲደበድቡ ቆይተው ነው ያመጧቸው። እኔ ወዲያው ቀና አድርጌ አስቀመጥኳቸው። ጆሯቸውን ሳይቀር ላብ አጥምቆታል፤ ከንፈራቸው ጠቁሯል። በማዳመጫው ደረታቸውን ስሰማ እሳት ላይ የተበተነ ጨው ይመስል ይንጣጣል።

«ውሃ ውጠዋል?» አልኳቸው።

ከሞት አፋፍ ላይ ሆነው እንኳ ተቆጡኝ። «እኔ? ሠላሳ ክረምት ዋኝቼ... አንዲት ጉንጭ ውሃ... ብውጥ... ከሰው አልቆጠርም!»

እውነታቸውን ነበር። ትኩሳት የላቸውም። የሳንባ ምች አይመስልም። እኔ ግራ ተጋብቼ ሳለሁ በር ላይ የቆመው ዘመድ ሁሉ «ጉሉኮስ! ጉሉኮስ ስቀይላቸው!» ይላል። በዚያ አገር ጉሉኮስ ያልተሰቀለለት በሽተኛ እንደታከመ አይቆጠርም። እኔም ገና ልጅ ነኝ፤ ፈራኋቸውና ሰቀልኩ። በውሃ ለታፈነ ሰው ውሃ ጨመርኩ ማለት ነው። ሩብ ሳይገባ ትንፋሻቸው ባሰበት። ያን ጊዜ ባነንኩና መርፌውን ነቅዬ ጣልኩት፤ የነበረችኝን ሽንት የምታሸና መርፌ ወጋኋቸው፤ መቀነቱን በመቀስ ቆርጬ ደረታቸውን ለቀቅሁት። ባለቤታቸው ለመቀነታቸው አለቀሱ። ከበር ውጭ አጃ ሾርባ ይዘው የመጡ፣ በሶ በጥብጠው የመጡ፣ አረቄ የደበቁ ሴቶች ተሰልፈዋል። በሩን በጀርባዬ ገፍቼ ቆምኩ። እስከ ማታ ስሰደብ ዋልኩ።

በሁለተኛው ቀን ዋናተኛው ድነው ተነሱ፤ ምንም እንዳልነካቸው ሰው ቁርሳቸውን በሉ። ይኸውላችሁ ጉዴ የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ወር ቢተኙ ኖሮ ይሰሙኝ ነበር። በሁለት ቀን ሲነሱ ግን መንደሩ ሁሉ «ምች ነበር፣ አለፈ» አለ።

እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ጎንደር ላስተማረኝ ሐኪም ያየሁትን ሁሉ ዘርዝሬ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ጠላውን፣ መቀነቱን፣ ዝላዩን ሳይቀር። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ በገበያተኛ እጅ ደረሰኝ። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንዳላየ ገልጾ የመሰለውን ጽፎልኛል። ቀዝቃዛ ውሃ የእጅና የእግርን ደም ወደ ደረት ይገፋዋል። ሰውየው አስቀድሞ በመጠጥ ከተሞላ፣ ደረቱም ከታሰረ፣ በዚያ ላይ ጉልበቱን አሟጦ ከዋኘ፣ በሳንባው ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጨናነቁና ያንጠባጥባሉ። ሳንባ የሚሞላው የወንዙ ውሃ ሳይሆን የራሱ የሰውየው ውሃ ነው። አንድ ጊዜ የያዘው ሰው ደግሞ እንደገና ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ከመግባቱ በፊት አይጠጣ፤ ደረቱ ይላላ፤ ሰውነቱን እያስለመደ ቀስ ብሎ ይግባ፤ ሳል ከጀመረው በዚያችው ደቂቃ ይውጣ፤ ያን ቀንም አይመለስ።

ደብዳቤውን ይዤ እየሮጥኩ ቤት ገባሁና አነበብኩላቸው። ባለቤታቸው ጥጥ እየፈተሉ በጥሞና ሰሙኝና «ታዲያ የራሳቸው ውሃ ከሆነ ምን ያስፈራል?» አሉኝ።

ዋናተኛው ደግሞ «የማንን ጠጥቼ የማንን ልተው?» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ስለ ሳንባ ታወሪያለሽ፤ እኔ የያዝኩት የሰው ነፍስ ነው።»

«የእርስዎስ ነፍስ፣ አባባ?»

«የእኔንማ ማን ጠጣላት?» ብለው ሳቁ።

ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ስብሰባ ጠርተው ግማሽ ሰዓት አናገሩኝና ተነስተው የእኔን ቃል ወደ ራሳቸው ቃል ለወጡት። የአደራ ጠላ አድኃሪ ልማድ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብ በንቃት ሊታገለው እንደሚገባ ተናገሩ። ጠላ ይዞ ወንዝ መውረድ እንዲከለከል እጅ ይውጣ ተባለ። እጅ ሁሉ ወጣ። ደስ ብሎኝ አደርኩ። በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ ያ እጁን ያወጣ ሰው ሁሉ ቅሉን በጋቢው ሥር ደብቆ ወንዝ ወረደ። ሊቀመንበሩም ማዶ ጉዳይ ነበራቸውና የያዙት ቅል ከሁሉም ይበልጥ ነበር።

እንደገና ዋናተኛውን ያዝኳቸው። ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ ቤታቸውን ለቅቄ እንደምወጣ አስፈራራሁ። ይህቺ ሳትነካቸው አልቀረችም መሰለኝ ጠላ ላይጠጡ ማሉልኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ወንዙ ዳር ወርጄ ቆምኩ። እውነትም ጠላ የሚባል የለም። ሦስት ጊዜ ተሻግረው ሲመለሱ ግን ያች የማውቃት ሳል ጀመረቻቸው። ጎትቼ አወጣኋቸው፤ አስቀመጥኳቸው፤ ማዳመጫውን ደረታቸው ላይ ሳደርግ ያው ጨው ይንጣጣል።

«አባባ፣ ጠጥተዋል!»

«ጠላ በአፌ አልዞረም። እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ታዲያ ምን ጠጡ?»

ዋናተኛው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። ባለቤታቸው መለሱልኝ፦ «ውሃ ነው እንጂ! ሰው ሁሉ በቅሉ ውሃ አመጣላቸው። ውሃም አደራ ይይዛል። አንቺ የከለከልሽው ጠላ አይደለም እንዴ?»

ያን ቀን የጮህኩትን ጩኸት ማዶ ያሉት ገበያተኞች ሰምተውታል። ሰው የመምከር ትዕግሥቴ እዚያው ወንዝ ዳር አለቀ። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? እኔ ግን መከራው ሲመክራቸው ቆሞ ለማየት ሆዴ አልቻለም። ደረታቸው እስኪጠራ ድረስ ሁለት ቀን አጠገባቸው ተቀምጬ ሰነበትኩ። ለምግብ ሲጠሩኝ እንኳ አልተነሳሁም።

መፍትሔውን ያመጡት ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው፤ ከወር በላይ የለፋሁበትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን የመጀመሪያው ተሻጋሪ፣ አንድ የጨው ነጋዴ፣ ቅሉን ሲዘረጋ እሳቸው ከባላቸው ፊት ቀድመው ቆሙና ተቀበሉት።

«እኔና እሳቸው የተጋባነው በቁርባን ነው» አሉ። «አንድ ሥጋ ነን። እኔ የጠጣሁትን እሳቸው ካልጠጡት፣ ቁርባናችን ምኑ ላይ ነው?» ብለው ቅሉን ገለበጡት።

ነጋዴው ባዶ ቅሉን ተቀበለ። ሰው ሁሉ ዞሮ ተራቸውን የሚጠብቁ አንድ መሪጌታን ማየት ጀመረ፤ ጋይንት ካለችው ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ ትምህርታቸውን አስመስክረው የመጡ ናቸው። መሪጌታው ጺማቸውን አሻሹ። የያዙትን ቅል አዩ፤ ወንዙን አዩ፤ ሴትየዋን አዩ።

«ቃሉስ... ቃሉስ እውነት ነው» አሉና የራሳቸውን ቅል ለሴትየዋ ሰጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናተኛው ባዶ ሆዳቸውን፣ ደረታቸውን ፈትተው፣ መጀመሪያ ፊታቸውንና ደረታቸውን በውሃው አርሰው፣ እስከ ጉልበት፣ እስከ ወገብ እያሉ ቀስ ብለው መግባት ጀመሩ። «ሙሽራ ሆኑ እንዴ?» እያሉ የሚያሾፉ ነበሩ፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በተቆረጠው ፋንታ የገዙት መቀነትም የሴትየዋ ወገብ ላይ ቀረ። ባለቤታቸው ግን በየገበያው ቀን እስከ ረፋድ ይሰክሩና ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይዘፍናሉ። አንዱን ሳድን ሌላዋን ላጠፋ ነው ብዬ ደግሞ በዚህ እበሳጭ ጀመር። ስለ ጉበታቸው ነገርኳቸው። «የእሱን ወሬ ደግሞ ለከርሞ» አሉኝ።

የነሐሴ አጋማሽ አልፎ ነበር። ክሊኒኩ በር ላይ ቁስል እያጠብኩ ሳለ ከማዶ ጥሪ መጣ። ወንዝ ሲሞላ መልእክት የሚተላለፈው በጩኸት ነው፤ አንዱ ማዶ ቆሞ ይጣራል፣ ወዲህ ያለው ይቀበላል። «የሐኪሟ እናት ጠንቶባቸዋል! ዛሬውኑ ትድረስ!» ይላል።

ፋሻውን ጥዬ ቁልቁል ሮጥኩ። በመንገዴ ላይ ከአንዲት ጎረቤት ደጃፍ ቅል ጠላ ማንሳቴን ያወቅሁት ወንዙ ዳር ከደረስኩ በኋላ ነው። እኔ! ጠላውን ስከለክል የከረምኩት እኔው፣ እንደ ማንም ተሻጋሪ ቅሌን አቅፌ ቆምኩ።

ዋናተኛው ከሁለት ዙር በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጋቢ ደርበዋል። ባለቤታቸው አጠገባቸው ናቸው።

«አባባ፣ እናቴ...»

«ሰማሁ ልጄ» አሉ። ቀጥለውም፣ ሌላ ጊዜ ቢሆን የሚደብቁትን ነገር፣ ቁልጭ አድርገው ነገሩኝ። «ሳል ጀምሮኛል።»

ማዳመጫዬ ክሊኒክ ቀርቷል። ጋቢያቸውን ገልጬ ጆሮዬን ደረታቸው ላይ ለጠፍኩ። በጣም ቀጭን ነበር፤ ግን ያው ነው። ጨው።

ቀና ብዬ ወንዙን አየሁት። ስፋቱ ጮኸው የሚነጋገሩበት ያህል ነው፤ ከዚያ ማዶ ያለው መንገድ በቀጥታ እናቴ ዘንድ ያደርሰኛል። «አንድ ጊዜ ብቻ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀላል ሳል ናት።» የራሴ ድምፅ ነበር።

ዋናተኛው ነገር አላበዙም። ጋቢያቸውን አውልቀው ስልቻውን አነሱ። «አንቺ ካልሽ እሄዳለሁ» አሉ።

ወደ ባለቤታቸው ዞርኩ። ይቆጡኛል፣ ይለምኑኛል፣ ባሌን ልትገድይብኝ ነው ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ። ያን ጊዜ ቢቆጡኝ እንዴት ደስ ባለኝ! እሳቸው ግን የያዝኩትን ቅል አይተው፣ «ሐኪሟ አንቺ ነሽ» ብቻ አሉኝ።

ክረምቱን ሙሉ ስሙኝ፣ ስሙኝ ስል ከረምኩ። የሰሙኝ በዚያች ቀን ነው። እንዲህ ያለ አገር ያናድዳል።

ጠላውን መሬት ላይ አፈሰስኩት። «ይቀመጡ» አልኳቸው። «ዛሬ ወደ ውሃው አይመለሱም። ቀና ብለው ይቀመጡ፤ ምንም እንዳይጠጡ።» ከዚያ ፊቴን አዙሬ በድልድዩ በኩል የሚዞረውን መንገድ ጀመርኩ። ሁለት ቀን ጭቃ ለጭቃ ሄድኩ። በመንገዴ ሁሉ ሰው ስረግም ነበር፤ ዋናተኛውን፣ ሚስታቸውን፣ ደብዳቤ የጻፈልኝን ሐኪም፣ ሳንባን የፈጠረውን ሳይቀር።

በሦስተኛው ቀን ስደርስ እናቴ ከተቀበረች አንድ ቀን ሆኗት ነበር። እህቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «የት ነበርሽ? እስከ መጨረሻው በር በሩን ስታይ ነበር» አለችኝ። ወንዝ ሞልቶ ነው አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ? ለቅሶ ላይ ቆሜ እንባ አልወጣ አለኝ። ዘመዶቼ ተማርኩ ብላ ልቧ ደነደነ ብለው ያሙኝ ነበር። ንዴት እንጂ ሐዘን አልነበረኝም።

አርባዋ ሲወጣ መስከረም እየተገባደደ ነበር፤ ወንዙም ጎድሏል። በግቢው ዙሪያ ካለው እድሞ ሥር ከተቀመጡት ለቀስተኞች መካከል የማውቀው ትከሻ አየሁ። ዋናተኛው ከሲማዳ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል። አጠገባቸው በቅጠል የተወተፈ ቅል አስቀምጠዋል። እንዳዩኝ ብድግ አሉና ቅሉን ሰጡኝ።

«ይኸ ያንቺ ነው» አሉ። «ያን ቀን ያልጠጣሁልሽ። አሁን ውሃው ጎድሏል፤ በእጅሽ ስጪኝና ልጠጣልሽ።»

ውታፉን ነቅዬ ሰጠኋቸው። በፊቴ ቆመው ጭልጥ አደረጉት። ሲጨርሱ ትንፋሻቸው ከበዳቸው፤ እኔም በልማዴ ጋቢያቸውን ገለጥ አድርጌ ደረታቸውን ልይ ብል፣ ያ ሰባት ዙር መቀነት ከብብት እስከ እምብርት ተጠምጥሟል።

«አባባ! ይኸ ምንድነው?»

«እ... እሷ ናት» አሉ እንደ ልጅ አንገታቸውን ደፍተው። «ጋይንት ደጋ ነው፣ ይበርድዎታል ብላ...»

«ስንቴ ነው የምነግራችሁ!» ብዬ ጮህኩ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ቋጠሮውን ያዝኩት፤ በእርጥብ አስረውት ስለደረቀ እንቢ አለኝ፤ በጥፍሬም በጥርሴም ታገልኩት። ዙሩን አንድ በአንድ ስፈታ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ቆሙልኝ። ሰባተኛው ዙር ላይ ስደርስ መቀነቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለእናቴ ያለቀስኩት ያን ጊዜ ነው።